አንዲት ጃንጥላ

ጥር 14፣ ሐሙስ። ጠዋት 3 ሰ.

ዛሬም ሁለት ገጽ ጽፌ ሁለቱንም ሰረዝኩ። ትናንትም እንደዚሁ። የሽምብራ ቆሎ፣ መነጽር፣ እስክሪብቶ፣ ስርዝ። ከነጋ የሠራሁት ይኸው ነው።

ለአንቺ ላስረዳ ደብተሬ፣ ሌላ የሚሰማኝ የለም። ወረዳው የምርጫ ክልላችንን ታሪክ በመጽሔት ሊያወጣ ነው። ከመጀመሪያው ምርጫ እስካሁን። ጻፍ የተባልኩት እኔ። በሁሉም ምርጫ የጣቢያችን ጸሐፊ ስለነበርኩ ነው። ም/ጣቢያው ራሱ የማስተምርበት ክፍል ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል፣ ፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ። አሁን ጡረታ ወጥቼ አምበር ከተማ ነኝ። ቀበሌዋ በእግር አንድ ሰዓት አትሞላም። ሰንበቴዬም እዚያው ነው፤ አልቀየርኩም።

ጽ/ቤቱ የሚፈልገውን አውቃለሁ። በሰላም ተጀምሮ በሰላም ተጠናቀቀ። እሱን ለመጻፍ እኔ ምን አስፈለግሁ? ቅጹ ላይ ታትሞ ይመጣ ነበር እኮ። ከሥሩ መፈረም ብቻ። ፈርሜያለሁም።

ጥር 17፣ እሑድ። ከሰዓት

ሕዝቡ ምርጫዎቹን በዓ.ም. አይጠራም። ስም አውጥቶላቸዋል።

የመጀመሪያው የእልልታው ምርጫ ነው። ሰው ነጭ ለብሶ መጣ። አንዲት ባልቴት ኮሮጆውን ተሳልመው ካርዳቸውን አሳዩ፣ ድምፃቸውን ከተቱ፣ ከላዩ ሳንቲም ጨመሩበት። መባ መስሏቸው። ስንቆጥር ሳንቲሙ ከወረቀቱ መሃል ዱብ አለ። ምን ብለን እንመዝግበው? ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ጊዜ ይሳቅ ነበር።

ሁለተኛው የዝናቡ። ሰው ስልቻ ተከናንቦ ተሰለፈ፤ የግማሹ ካርድ በስብሶ ቀለሙ ለቀቀ። ፊቱን አይተን አስመረጥነው። የማይታወቅ ፊት የለማ።

ሦስተኛው የሬዲዮው። ገበሬው ሬዲዮ ቀንበር ላይ አስሮ ያርስ ነበር። ወንድም ከወንድሙ፣ አበልጅ ከአበልጁ ተከራከረ። ከዚያ በኋላ ሰው ዝም ማለትን ተማረ። እንዴት እንደተማረ ለመጽሔቱ አልጽፍም። ለአንቺም አልጽፍም።

አራተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የአንዲቷ ምርጫ። የሺ ምሳ ቀርቧል ብላ ጠራችኝ። ሚስቴ እንዲህ በሰዓቱ ደርሳልኝ አታውቅም።

ጥር 20፣ ረቡዕ። 11 ሰ.

ሰላማዊት መጣች። መጽሔቱን የያዘችው የጽ/ቤቱ ባለሙያ ናት። ከወሎ ተመድባ ከመጣች ገና ሦስት ዓመት ያልሞላት፣ ትጉ ልጅ። እርስዎ፣ መምህር፣ ትለኛለች። ጥሩ ልጅ ናት፤ ዛሬ ግን አንቄ ልገድላት ደረስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአራተኛው ምርጫ ሙሉ ገጽ ትፈልጋለች። ከነፎቶው። የስንሻው ፎቶ። ሰምታለች፤ ቀበሌው በሙሉ ሰፌድ ሲመርጥ አንድ ሰው ብቻ ጃንጥላ መርጧል፣ እሱም ስንሻው ነው። ሰፌድና ጃንጥላ የምርጫ ምልክት ናቸው፤ ሰው ማንበብ ስለማይችል በምልክት ነበር የሚመርጠው። ወጣቶቹ አሁን ስንሻውን አንዱ ይሉታል አለችኝ። አንዱ መጣ፣ አንዱ ሄደ። ከማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እየመጡ አብረውት ፎቶ ይነሳሉ። ያን ጊዜ የነበረ ጸሐፊ እርስዎ ነዎትና ቃልዎን ያክሉበት አለች። ጀግንነቱን።

እሺ አልኳት። ሸኘኋት። በሩን ዘግቼ ቆምኩ።

ያቺ ጃንጥላ የእኔ ናት።

ይኸው፣ ጻፍኩት። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለየሺም። ለነፍስ አባቴም።

ጥር 21፣ ማርያም። ጠዋት

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጨርሰው።

ጀግንነት እንዳይመስልሽ። እልህ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ከምርጫው በፊት ክፍሌ ገብቶ በተማሪዎቼ ፊት ወላጆቻችሁ ሰፌድ እንዲመርጡ ንገሩ አለና መምህራችሁም ያስረዷችኋል ብሎ ወጣ። ልጆቹ አዩኝ። አስረዳኋቸው። ሰፌድ ሥዬ፣ በጠመኔ። ያቺ ናት የቆጠቆጠችኝ።

ጃንጥላው የአንድ የግል ተወዳዳሪ ምልክት ነበር። ሰውየው ከሳምንት በፊት ትቻለሁ ብሎ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል። ወረቀቱ ላይ ግን ታትሟል፣ ማን ይፍቀው? እኔም ተራዬ ሲደርስ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ጣቴን ጃንጥላዋ ላይ አኖርኩ። ቢያንስ አሥር ሰው ይኖራል ብዬ ነበር። አሥር ሰው መሃል መደበቅ አያቅትም። ወረቀቷን ለወላጅ ደብዳቤ እንደማጥፈው በአራት አጠፍኳት፣ ጥጓን ወደ ውስጥ ወሸቅኳት። ከተትኳት።

ቆጠራ። ከኮሮጆው የማወጣው እኔ፣ የምጠራው እኔ። ታዛቢዎች ተደርድረዋል፤ ስንሻውም የሕዝብ ታዛቢ ሆኖ ከፊቴ። ሰፌድ። ሰፌድ። ሰፌድ። አሥሩ የታሉ? አምስቱስ? ኮሮጆው ሊያልቅ ሲል እጄ አገኘቻት። አወቀቻት። ጃንጥላ፣ አንድ፣ አልኩ።

ሊቀመንበሩ አሳየኝ አለ፤ አየ፤ ሳቀ። ውጤቱን በሩ ላይ ለጠፍን፣ ደንብ ነው። በነጋታው ሰው ሁሉ የሚያየው ሰፌዱን አይደለም። ያቺን አንዲት።

ጥር 22፣ ዓርብ

አሁን የከፋው። መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ።

ከሳምንት በኋላ ወሬ ተነሳ። ሊመጣልን የነበረው የመብራት መስመር ወደ ጎረቤት ቀበሌ ዞረ፤ እነሱ አንድም ሳያጎድሉ መርጠዋል፤ እኛን አንዲቷ አስቀረችን። እውነት ይሁን ውሸት እስከዛሬ አላውቅም። ሰው ግን አመነ። ሽማግሌዎቹ መከሩ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሬ ሲጠፋ የምናወጣው በምንድን ነው አሉ። ያው በአውጫጭኝ። ይኼም ስርቆት ነው፣ የቀበሌውን ስም ሰርቋል።

ማንም ከላይ አላዘዘም። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ሊቀመንበሩ እንኳ ራሱ ተገርሞ ነበር። እኛው ነን፣ በገዛ ወጋችን። ለበሬ ሌባ የተሠራውን ለድምፅ ያዋለ ሌላ አገር አለ ብዬ አላምንም። ድምፅ ምስጢር ነው የሚለው ወረቀት የክፍሌ በር ላይ ገና ነበር፤ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

አውጫጭኝ ታውቂያለሽ። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት የለም፣ እህል ውሃ የለም። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ሽማግሌዎቹ እየቀረበ ወፍ ነገረችኝ ይላል፣ የጠረጠረውን ስም በጆሮ ይተነፍሳል። የነገረው አይታወቅም፤ ወፍ ናት። እኔ ፊደል አዋቂ ነኝና መዝጋቢ አደረጉኝ። ከሽማግሌዎቹ አጠገብ፣ ዱካ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀት ጭኔ ላይ።

እስከ ቀትር አሥራ ምናምን ስም ወጣ። የተበታተነ፤ ሁሉም የተጣላውን ይጠራል። አይወጣም፣ ይበተናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ አንዱ ስንሻውን ጠራ፤ መጋረጃው ውስጥ ብዙ ቆየ ብሎ። ሁለተኛው ደገመ። ሦስተኛው። እውነትም ያን ቀን ስንሻው ቆይቶ ነበር፣ እኔም አይቻለሁ። ቄሰ ገበዝ ወደኔ ዞሩ። መምህር፣ ያንተስ ወፍ ምን ትላለች?

ዝም ማለት እችል ነበር። መዝጋቢ ነኝ ማለት እችል ነበር። እኔ ነኝ ማለትማ ተይው።

የእኔም ወፍ ከነሱ ወፍ አትለይም አልኩ።

እንዲህ አልኩ። መምህር ስላለ ነገሩ ተቆረጠ። ስሙን በገዛ እጄ ጻፍኩ፣ ባማረ ጽሕፈት። ስንሻው ተነስቶ አይደለሁም ብሎ ማለ። ሰው የሚሰማው መስሎት።

ጥር 26፣ ማክሰኞ። ረፋድ

ከዚያ በኋላ ስንሻው ላይ የደረሰውን ልጻፍ።

ከወንፈል አስወጡት። ጤፉ ሲደርስ አብሮ የሚያጭድ ጠፋ። እሱና ሚስቱ ሁለት ሆነው ሲታገሉ ግማሹን በረዶ መታው። ሰላም የሚለው ሰው ባንገቱ ብቻ። ከሰንበቴ አስወጡት፣ ከዕድር አስወጡት። በዚያው ዓመት እናቱ ሞቱ።

ከደብረ ወርቅ የመጡ ዘመዶቹ ቃሬዛውን ተሸከሙ። አራት ሰው፤ የሚቀያየር የለም። በቤቴ ደጅ ነው ያለፉት። እኚያ ሴትዮ ለእኔ ገና አዲስ ተመድቤ ስመጣ፣ ሰው ሳላውቅ፣ በየቀኑ እርጎ ይልኩልኝ ነበር። እኔ ከአጥሬ ጀርባ ቆሜ እግራቸውን እሰማለሁ። አንዱ ደከመው መሰለኝ፣ አውርዱ አሳርፉ ተባባሉ። ልክ ከበሬ ፊት አሳረፉ።

አልወጣሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሽማግሌ ታረቁ፤ ዕድሩም መለሰው። መብራቱም መጣ፤ ለሁለቱም ቀበሌ። ማንም ይቅርታ አላለም። የተረሳ ነገር ነው ተባለ።

የካቲት 1፣ እሑድ። ማምሻ

ሰንበቴ ውዬ መጣሁ። ዛሬ ሰላማዊት ካሜራ ይዛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጠበቀች። ስንሻውን አቆመችው። ወጣቶቹ ከግራ ከቀኝ። አንዱ፣ አንዱ፣ ይላሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ወይ አይስቅ ወይ አያኮርፍ። ያኔ ወፍ የላኩ ሰዎች ልጆች ናቸው እጁን የሚስሙት።

እውነቱን ልንገርሽ? ቀናሁ። ይኸው በግልጽ። እኔ ነኝ፣ የኔ ጣት ናት፣ እሱ እንደናንተ አባቶች ሰፌዱን ነው የመረጠ ብዬ ልጮህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ከሰው ሲያስወጣው ያልተናገርኩትን አሁን ሲያስከብረው ልናገረው። አይ ሰው መሆን። አይ አያሌው።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ጻፍኩ። ለመጽሔቱ። በዚያ ምርጫ ለጃንጥላ የተሰጠችው ድምፅ የጣቢያው ጸሐፊ የመምህር አያሌው ነበረች፤ አቶ ስንሻው ያለጥፋታቸው ተጠርጥረዋል። ሁለት መስመር። ንጹሕ ኅሊና፣ ንጹሕ ጽሕፈት።

ደግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው ስሜ ላይ ነው። ተጠርጥረዋል አልኩ፤ ማን ጠረጠረ? ጠቋሚው የለም። ይኼ ንስሐ ነው ወይስ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት?

የሺ ስንት ቀን ጥርስህን ስታፋጭ ልትኖር ነው አለች። ጽ/ቤቱ አናደደኝ አልኳት። ጽ/ቤቱ እዚህ የለም፣ የተጣላኸው ከራስህ ነው ብላ ወጣች።

ጽሑፉን አልሰጥም። መጀመሪያ ስንሻው ጋ እሄዳለሁ። ነገ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

አልሄድኩም። ጉልበቴን አመመኝ። (ጉልበቴን አላመመኝም።)

የካቲት 6፣ ዓርብ። 10 ሰ.

ሄድኩ። አሁን ገባሁ። አቧራዬን ሳላራግፍ እየጻፍኩ ነው።

ደጁ ላይ ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል። ተቀመጥ አለኝ። ሚስቱ ጠላ አመጣች፣ ቆሎ አመጣች፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀች፣ ወደ ጓሮ ሄደች። ስለ ከብት አወራን። ስለ ዘንድሮ ሽምብራ። ከዚያ አልኩት። ስንሻው፣ ያቺ ጃንጥላ የእኔ ነበረች።

መጥረቡን አላቆመም። አውቃለሁ አለ።

እንዴት አልኩ። ታዛቢ አልነበርኩም ወይ አለኝ። ሌላውን ወረቀት ሁሉ እየገለጥክ ነው የጠራኸው፤ ያቺን ግን ጃንጥላ አልክና ከዚያ ገለጥካት። ይኼን ሁሉ ዓመት እኔ የማላውቀውን ያውቃል። አውጫጭኙ ላይ ሲምል እኔን እያየ ነበር፤ ለምን ወደኔ እንዳየ ገባኝ።

ለምን አልተናገርክም? ማን ያምነኛል አለ። መምህር ነህ፣ የጻፍከው አንተ፣ እስክሪብቶው ያንተ። ደግሞም መጋረጃው ውስጥ የቆየሁት እውነት ነው አለ። ጃንጥላዋን ሊነካ ፈልጎ ነበር። ጣቱ ቀለም ነክቶ እላይዋ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ውጭ ሲስል ሰማ፤ ሰፌዱ ላይ አሳረፈው። ስለዚህ ሲጠሩት፣ ባስበው ነው የተቀጣሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። አሁን አንዱ ሲሉት ያፍራል። ሰፌድ ነው የመረጥኩ ቢላቸው ደግሞ የልጆቹ ፊት ይጠወልጋል። እንዲህ ብሎ ትንሽ ሳቀ።

ለመጽሔቱ የጻፍኩትን አነበብኩለት። ጨረስኩ። ያኔ ነው መጥረቢያውን ያስቀመጠው።

ሲከብድ ብቻዬን ተሸከምኩት፣ አያሌው። አሁን ሲቀል ልውሰድልህ ትላለህ?

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ውሰዳት አለ፤ ጃንጥላህን ውሰዳት፣ ፎቶዬንም ይንቀሉት፣ እኔ ምን ያደርግልኛል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ያን ቀን ወፍህ ምን አለች?

ለሽማግሌዎቹ ጆሮ ያልኩትን ነው የጠየቀኝ። ሳይሰማ አልቀረም፤ ወይም ከፊቴ አንብቦታል። ወረቀቱ ላይ የለም፤ ቄሰ ገበዝም ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ሞተዋል። አላለችም ብል የሚያጋልጠኝ ሰው በዓለም የለም።

ከነሱ ወፍ አትለይም አልኩ አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እናቴ አንተን ትወድ ነበር አለ። ቀንበሩን አነሳ። ሌላ ምንም አላለኝም። ሚስቱ ከጓሮ ተመልሳ ለመንገድ ብላ ቆሎ በወረቀት ቋጠረችልኝ። ወሰድኩት። አልወስድም ማለት ሲገባኝ ወሰድኩት።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ጠዋት ሰላማዊት ጋ ሄድኩ። አዲስ ጽፌ ነው የሄድኩ። ድምፁ የጸሐፊው ነበር፤ በስንሻው ላይ ያስፈረደችው ወፍም የጸሐፊው ነበረች፤ ሁለት ዓመት አብረውት አላጨዱም፣ እናቱን አልቀበሩም፣ ጸሐፊውም ከነሱ አንዱ ነበር። ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ቀና ብላ ስታየኝ እርስዎ ማለቱ እንዳስቸገራት አየሁ። ኃላፊዋ አይቀበለውም አለች፤ መጽሔቱ የሚያኮራ ታሪክ ነው የሚፈልገው። ገጹን በሰልፍ ፎቶ ይሞሉታል። እንግዲህ አራተኛውም በሰላም ተጀምሮ በሰላም ተጠናቀቀ።

እሺ። ወረቀቱ ቀረ። ለመውጫም በር ሆነልኝ፤ ሞከርኩ አልተቀበሉኝም ብዬ መቀመጥ እችላለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ላደርግ ወስኜ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ለየሺ ነገርኳት። ሁሉንም፣ ወፏንም። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋን አስቀመጠች። ከዚያ እኔ እኮ ለቅሶ ደርሻለሁ አለች። በቀብሩ ማግስት፣ አንተ ት/ቤት ሳለህ፣ እንዳትቆጣ ብዬ አልነገርኩህም። ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እኔ ከእሷ ደብቄ፣ እሷ ከእኔ ደብቃ። የእሷ ድብቅ ግን ደግ ሥራ ነበር።

ነገ ሰንበቴ ነው። ተራው የእነ ስንሻው ነው፤ ድግሱ የእሱ። ያወጡት ሰዎች፣ የቀሩት፣ ይበሉለታል ይጠጡለታል። ጽዋው ከመዞሩ በፊት እቆማለሁ። ጃንጥላዋን መጨረሻ ላይ ነው የምናገራት፤ ከጠየቁኝ ብቻ። መጀመሪያ ወፏን። ሊያስወጡኝ ይችላሉ። ያስወጡኝ። የራሳቸውንም ወፍ ያስታውሱ ይሆናል፤ ለዚያ ይቅር የሚሉኝ አይመስለኝም።

የሺ አብሬህ እሄዳለሁ ብላለች። ነጠላዬን አጥባ አስጥታዋለች።

ቆሜ ቃል እንዳይጠፋብኝ እዚህ ልለማመደው። አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ያን ቀን ሜዳው ላይ ቄሰ ገበዝ የእኔን ወፍ ሲጠይቁኝ፣ ስንሻው እንዳልሆነ እያወቅሁ፣